ያልበቀለው ጥርስ

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ ከመቀጠልዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ምላስዎን ከላይኛው የቀኝ መንጋጋ ጀምረው እስከ ግራው ይምሩና ጥርስዎን ይቍጠሩ፤ ከዚያም ወደ ታችኛው ይውረዱ። በአውቶቡስ ውስጥም ቢሆኑ አፍ ገጥሞ መቍጠር ይቻላል፤ የሚታዘብዎት የለም። 32 ከሞላ እሰየው። 28 ብቻ ከሆነም አያስቡ፤ የመጨረሻዎቹ አራት መንጋጋዎች ወይ ገና አልወጡም፣ ወይ እንደ ብዙ ሰው ከነጭራሹ አልተፈጠሩም። ከዚያ በታች ሆኖ፣ ተነቅሎብዎትም የማያውቅ ከሆነ ግን እንኳን ደኅና መጡ፤ እኔም የእርስዎ ወገን ነኝ።

ይህን እስካለፈው ዓመት ድረስ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት በአንድ ተማሪዬ ምክንያት ነው፤ ያወቅሁበትም መንገድ የሚያኰራኝ አይደለም።

ትምህርቴን ጨርሼ የተመደብሁት በአዲስ አበባና በጅቡቲ የባቡር መንገድ ላይ ባለች አንዲት የቆላ ከተማ ነው። የማስተምረውም ባዮሎጂ ነው። የደጋ ልጅ ስለ ሆንሁ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍሁት በቀኝ እጄ ጠመኔ፣ በግራ እጄ መሐረብ ይዤ ላቤን በመጥረግ ነበር። ከ49 ተማሪዎቼ መካከል አንዱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ስለ ጥርስ እያወራሁ እንዲህ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ሌላ አነጋገር ግን ነገሩን አይገልጸውም።

ልጁ የ15 ዓመት ቀጭን ልጅ ነው፤ ፀጉሩ የሳሳ፣ ቅንድቡም ያለ የማይመስል። አንብብ ሲባል መጽሐፉን እስከ አፍንጫው ያነሣና ያጕረመርማል። «ፈ» የምትባለው ፊደል ከእርሱ አፍ ስትወጣ ነፋስ ብቻ ትሆናለች። «አፍህን ከፍተህ አንብብ!» እላለሁ፤ ክፍሉ ይሥቃል። «ወላቃው» ነው የሚሉት። እኔም አንድ ሁለት ጊዜ ስቄያለሁ፤ ይህን ደብቄ ብጽፍ የቀረው ሁሉ ዋጋ አይኖረውም።

ሁለተኛው ጥፋቱ፣ በእኔ ዐይን ማለቴ ነው፣ ውሃ ነበር። በየሩብ ሰዓቱ እጁን ያነሣል። «ጋሼ፣ ቧንቧው ጋ ደርሼ ልምጣ?» ሲመለስ ሸሚዙ እስከ ወገቡ ርሶ ነው። ሌሎቹ እርሱን እያዩ መውጣት ሲያምራቸው፣ የክፍሉን ሥርዐት የሚያፈርስብኝ እርሱ እንደ ሆነ ቈጠርሁት። ስፖርት መሥራት አይወድም፤ ሰነፍ ነው አልሁ።

በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ የጣራው ቆርቆሮ በሚንጣጣበት ሰዓት፣ እንደ ልማዱ እጁን አነሣ፤ ከለከልሁት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ አነሣ፤ «ቍጭ በል» አልሁት። ሦስተኛ አላነሣም። ከአግዳሚው ተንሸራቶ ወደቀ።

ተሸክመን ወደ ጥላ ስናወጣው ግንባሩን ዳሰስሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ልብሱ በላብ ያልረጠበ አልነበረም፤ የእርሱ ግንባር ግን እንደ ምጣድ የጋለና የደረቀ ነበር። አንዲት ጠብታ ላብ አልነበረበትም። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ሙቀቱን ለካች፤ ከ40 ዲግሪ አልፎ ነበር። ልብሱን አስወልቃ እርጥብ አንሶላ አለበሰችው፤ እኛንም በደብተር አራግቡ አለችን። አራገብን። እየዋለ እያደረ ሲመስለኝ ዐይኑን ገለጠ፤ ውሃ ለመጠጣትም አፉን ከፈተ። ጥርሱን በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከላይ ከፊት ጥቂት እንደ ሚስማር ጫፍ የሾሉ፣ ከወደ ኋላ አንዳንድ መንጋጋ፣ ከታች ከፊት ምንም።

ነርሷ እናቱ እንደ ደረሱ የጠየቀቻቸው የመጀመሪያ ነገር «ግግ ወጥቶለት ነበር?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን ብዙ ስፍራ ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ላይ እብጠት ይፈለግና፣ ሕመሙ ከዚያ ነው ተብሎ በሹል ነገር ተፈልፍሎ ይወጣል። የሚወጣው ግን በሽታ አይደለም፤ ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚው ክራንቻ እንቡጥም አብሮ ይጐዳል። ቍስሉ መርዞ የሚሞት ሕፃንም አለ። ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ጠባሳ አግኝተው በ1994 ጽፈውበታል። (እዚህ የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) እናቲቱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኧረ ልጄ፣ መቼ በቀለና ይወጣል!»

እርሳቸው እንጀራ ጋግረው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ወንድማቸውም እንዲሁ ያለ ጥርስ ተወልዶ፣ በልጅነቱ በበጋ ትኩሳት ይዞት እንደ ሞተ ነገሩን። ይህ ልጅ ሲወለድ ጎረቤቱ ሁሉ «ይዘገያል እንጂ ይበቅላል፤ ታገሺ» አላቸው። ታገሡ። የባላቸው ዘመዶች ግን «በእናቱ ዘር የመጣ ነው» እያሉ ሲያሽሟጥጡ ኖሩ። እቤትም የሦስት ዓመት ታናሽ ወንድም አለ፤ የእርሱም ድድ እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ አሁንም እየታገሡ ነው።

በዚያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት ማንበብ ጀመርሁ። ቻርልስ ዳርዊን ስለ ለማዳ እንስሳትና አዝርዕት መለዋወጥ በጻፈው መጽሐፍ፣ በ1875 እትም ላይ፣ ሲንድ በምትባለው አገር ስለሚኖር አንድ የሂንዱ ቤተ ሰብ ያወሳል። ሲንድ ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ ያለች እጅግ ሞቃት ምድር ናት። በአራት ትውልድ ውስጥ ዐሥር ወንዶች፣ የላይና የታቹ ተደምሮ፣ አራት ደካማ የፊት ጥርስና ስምንት ያህል መንጋጋ ብቻ ነበራቸው፤ የገላቸው ፀጉር ጥቂት ነው፤ በሙቀት ወራትም ቈዳቸው እየደረቀ ይሠቃያሉ። ሴቶቹ ልጆች አንዳቸውም እንዲህ አልሆኑም፤ ነገር ግን ለሚወልዷቸው ወንዶች ያስተላልፋሉ። መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥሁ። የተጻፈው ስለ ተማሪዬ ነበር።

የሚያሳፍረው ደግሞ፣ ይህን እኔው ራሴ አስተምሬዋለሁ። ከእናት ወደ ወንድ ልጅ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚወርድ ጕድለት ሰሌዳው ላይ ሥዕል ስዬ፣ ስለ ቀለም መለየት አለመቻልና ስለማይረጋ ደም ሳብራራ፣ ልጁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይቀዳ ነበር። በቈዳ፣ በፀጉር፣ በላብ ዕጢና በጥርስ አፈጣጠር ላይ የሚሠራ አንድ ጂን አለ። ጥርስና ላብ ምን አገናኛቸው ቢሉ፣ ሁለቱም በፅንሱ ላይ የሚጀምሩት ከላይኛው ሽፋን ወደ ውስጥ እየሰረጐደ ከሚገባ እንቡጥ ነው። የወተት ጥርስ እንቡጥ የሚጀምረው ፅንሱ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። ያን ጊዜ ትእዛዙ ካልደረሰ፣ ኋላ ቢታገሡ አይበቅልም።

ታዲያ ይህን ለእናቲቱ እንዴት አድርጎ መንገር ይቻላል? የባላቸው ዘመዶች ለክፋት የተናገሩትን ነገር መምህሩ መጥቶ በሳይንስ ሊያጸናባቸው ነው። ሁለት ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ ቡና እያፈሉ ሳለ ነገርኋቸው፤ ዘሩ በእርስዎ በኩል ቢመጣም የመረጡት ነገር አይደለም፤ እርስዎም ከእናትዎ ተቀብለውት ይሆናል፤ ሴት ልጅ ሌላ ደኅና ኤክስ ስላላት ብዙ አይታይባትም አልሁ። ዝም ብለው ቆዩና ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አንሥተው ፈገግ አሉ። ከላይ ከፊት በስተግራ ያለችው ጥርሳቸው ትንሽና ሹል ነበረች። «ይቺም ከዚያው ናት በላ!» አሉኝ።

የመምህራን ማኅበራዊ ዕድር ጥቂት ገንዘብ አዋጣ፤ የጐደለውን እናቲቱ ከዕቍባቸው ሞሉ፤ ክረምት ሲገባ ሁለቱን ልጆችና እናታቸውን ይዤ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የጥርስ ሕክምና ክፍል ሄድን። ሐኪሙ ሸበቶ፣ ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ናቸው። አስቀድመው ታላቅየውን ራጅ አነሡት። መላው አገጭ በአንድ ሥዕል ላይ ይወጣል፤ የበቀለውም፣ ድድ ውስጥ የተቀበረውም። ከላይ ስድስት፣ ከታች አምስት፤ ጠቅላላ 11። የተቀበረ አንድም የለም።

ሹሎቹን ጥርሶች ነቅለው በምትካቸው ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደርጉለታል ብዬ ነበር የገመትሁ። እርሳቸው ግን «ያለውን የሚነቅል ሐኪም የሌለውን ከየት ያመጣል?» አሉኝ። በእያንዳንዷ ሹል ጥርስ ላይ የጥርስ ቀለም ያለው ለስላሳ መሙያ እየደራረቡ፣ በሰማያዊ ብርሃን እያደረቁ፣ በአንድ ቀን እውነተኛ የፊት ጥርስ አስመሰሏቸው። ልጁ መስታወት ሲሰጠው አላየም፤ አስቀድሞ በምላሱ ዳሰሳቸው።

ለቀረው ባዶ ስፍራ ደግሞ እየወለቀ የሚታጠብ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራለት። ሊጥ የመሰለ ነገር አፉ ውስጥ ጨምረው ቅርጹን ይወስዱና በጀሶ ያወጡታል፤ በዚያ ልክ ይሠራል። የላይኛው ቶሎ ተስማማው። የታችኛው ግን አስቸገረ። ምክንያቱም ጥርስ የሚቆምበት የአገጭ አጥንት የሚያድገው ከጥርሱ ጋር ነው፤ ጥርስ በሌለበት አጥንቱ እንደ ቢላዋ ስለት ቀጥኖ ይቀራል፤ ሰው ሠራሹም የሚይዘው ነገር ያጣል። አራት ጊዜ ተመላልሰን ተስተካከለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምራቁ ሞልቶ አነጋገሩ ከቀድሞው ይልቅ ባሰ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ እየተቀመጥን «ፈረስ፣ ፍሬ፣ አፍንጫ» እያልን ተለማመድን፤ ዕዳዬን ለመክፈል ያህል ነው።

እንደ እርስዎ እኔም ጋዜጣ አነባለሁና «ለምን አጥንቱ ላይ የሚታሰረው ጥርስ አይደረግለትም?» ብዬ ሐኪሙን ጠይቄአቸው ነበር። ይህ ሕክምና ለእንዲህ ያለው ልጅ ባዕድ አይደለም። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ቲታኒየም የተባለው ብረት ከሕያው አጥንት ጋር ተዋሕዶ እንደሚያያዝ ካስተዋለ በኋላ፣ በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ቡሎኖቹን ያስገባው በሰው ታችኛ አገጭ ላይ ነው፤ ያ ሰው አገጩ በተፈጥሮ የተበላሸ፣ ጥርሱም ከልደቱ የጐደለ ነበር። ቡሎኖቹ እስኪሞት አርባ ዓመት ያህል አገለገሉት።

ግን ሰውየው የ34 ዓመት ጐልማሳ ነበር። የልጅ አገጭ ገና ያድጋል፤ የተፈጥሮ ጥርስም ከአጥንቱ ጋር አብሮ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ይጓዛል። ቡሎኑ ግን ከአጥንቱ ጋር ስለ ተዋሐደ ካለበት አይነቃነቅም። በዐሥር ዓመቱ የተተከለለት ልጅ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሌሎቹ ጥርሶች ጥለውት ሄደው እርሱ ጕድጓድ ውስጥ እንደ ወደቀ ይቀራል። ስለዚህ ወንድ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከ18 ዓመት በኋላ፣ ዕድገቱ ማብቃቱ ተረጋግጦ ነው የሚደረግለት። ከዚህ የሚለየው አንድ ስፍራ አለ፤ የታችኛው አገጭ ፊት ለፊት። በዚያ የሚደረገው ዕድገት ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ከታች አንድም ጥርስ ለሌለው ልጅ አንዳንድ ሐኪሞች ቀደም ብለው ሁለት ቡሎን ያስገባሉ።

መጠበቅ ተገቢ የሚሆነው እንግዲህ ለቡሎኑ ነው። ለቀረው ግን መጠበቅ ጥፋት ነው። ሐኪሙ ታናሽየውን እናቱ ጕልበት ላይ አይተው «ይኸ ለምን እስካሁን ቆየ?» ሲሉ እናቲቱ ደነገጡ። የሦስት ዓመት ልጅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይደረግለታል ብሎ ማን ያስባል? ይደረግለታል። ማኘክና መናገር የሚማርበት ጊዜ ያ ነው። ጥርስ የሌለው ፊት ከአፍንጫ በታች ታጥፎ የሽማግሌ መልክ ይሆናል፤ ልጁም ትምህርት ቤት ሲገባ ስም ይወጣለታል። (ስም ከሚያወጡትም፣ ከሚሥቁትም አንዱ መምህሩ ሊሆን ይችላል።) ፊቱ ባደገ ቍጥር በየአንድ ሁለት ዓመቱ፣ እንደ ጫማ፣ ሌላ ይለካለታል። ለሙቀቱም የእርጥብ ሸሚዝ፣ የጥላና የውሃ ነገር ለትምህርት ቤቱ አስቀድሞ እንዲነገር መከሩን። ያን ጊዜ መሬት መሬት አየሁ።

ነገሩ ሁሉ እንደዚህ የከበደ እንዳይመስልዎ። ከመቶ ሰው አምስት ስድስቱ፣ የመጨረሻዎቹን መንጋጋዎች ሳንቈጥር፣ ከቋሚ ጥርሶቹ አንድ ወይም ሁለት ሳይፈጠርለት ይወለዳል። ስድስትና ከዚያ በላይ የሚጐድለው ግን ከሺህ አንድ ያህል ነው። ወረፋ ስንጠብቅ ሐኪሙ ለጨዋታ ያህል «አንተስ?» ብለው አፌን ቢያስከፍቱኝ፣ ከታች በስተቀኝ አንዲት የወተት ጥርስ ተገኘች። መንግሥት አምኖ አርባ ዘጠኝ ልጅ የሰጠኝ መምህር በ25 ዓመቴ የወተት ጥርስ ይዤ እዞራለሁ! ከሥሯ ሊተካት የሚገባው ጥርስ አልተፈጠረም፤ ገፊ ስለሌላት አልወደቀችም። ብዙውን ጊዜ የሚጐድለውም ይኸው የታችኛው ሁለተኛ ትንሽ መንጋጋና ከላይ ከፊት ከሁለቱ ትልልቅ ጥርሶች ጎን ያለው ነው።

«ላስነቅላት?» አልሁ። «ይጠብቋት!» አሉኝ። ተተኪ የሌላት የወተት ጥርስ ሥሯ ካልተበላ ለብዙ ዓመት ታገለግላለች። ስለዚህ ልጅዎ ወይም ታናሽዎ በአንድ በኩል የወደቀው የወተት ጥርስ በሌላው በኩል እምቢ ካለ፣ አስነቅለው ጣራ ላይ ከመወርወርዎ በፊት ራጅ ያስነሡ። በስድስት በሰባት ዓመት አብዛኛው ይታያል። የፊት ጥርስ የጐደለው ልጅ ሲሆን ሁለት መንገድ አለ። ወይ በማስተካከያ ሽቦ ክራንቻውን ወደ ክፍቱ ስቦ ቅርጹን ማስተካከል፣ ወይ ክፍቱን ጠብቆ ከጎረቤት ጥርስ ጀርባ በሚጣበቅ ክንፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማንጠልጠል። የትኛው እንደሚሻል አስቀድሞ ካልታሰበ፣ ጥርሶቹ ራሳቸው እየተንጋደዱ ይወስናሉ።

እናቲቱ ከሁሉ ይልቅ የጠየቁኝ ስለሚመጣው ነው፤ ምክንያቱም ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ነገ ታገባለች። ያነበብሁትን ነገርኋቸው። በጀርመን አገር በኤርላንገን የሚገኙ ሐኪሞች በ2018 እንዳሳወቁት፣ የጐደለውን ፕሮቲን ሠርተው በእናት ማሕፀን ውስጥ ፅንሱ በሚዋኝበት ውሃ በመርፌ አስገብተዋል። እንዲህ የታከሙት ሦስት ወንዶች ልጆች ሲወለዱ ማላብ ችለዋል። በጃፓንም የጥርስን እንቡጥ የሚያግደውን ፕሮቲን የሚከለክል መድኀኒት፣ በእንስሳት ላይ ጥርስ ካበቀለ በኋላ፣ በ2024 በኪዮቶ በጐልማሶች ላይ መሞከር ጀምሯል። ሐኪሞቹ ቀጥሎ ያሰቡት ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ፣ አራትና ከዚያ በላይ ጥርስ ለጐደላቸው ልጆች ነው።

«ለትንሹ ይደርስለታል?» አሉኝ። አላውቅም ማለት አቃተኝና ዝም አልሁ። እርሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ታላቅየው አሁን በክፍል ውስጥ ያነብባል፤ ጮክ ብሎ አይደለም፤ መጽሐፉን ግን ከአገጩ በታች ይይዘዋል። ውሃ ለመውጣት ፈቃድ አይጠይቅም፤ በመስኮቱ ሥር አንድ ጀሪካን ተቀምጦለታል። ትንሹ ጥርሱን በተቀበለ ማግሥት አውልቆ ከትራሱ ሥር ደብቆት ቤቱ ሁሉ ሲታመስ ዋለ። ባለፈው እሑድ ብሄድ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጕንጩ ያብጥ ይጐድል ነበር። ሐኪሙ ጠንካራ ነገር እንዳይሰጡት አጥብቀው ከልክለዋል፤ እጁን ባስከፍተው ግን የያዘው ቆሎ ነው፤ እኔን ሲያይ ወደ ኋላው ደበቀው።